አፈሳን እንደ ክተት አይቁጠሩብን

ሰሞኑን ደሴም ኮምቦልቻም ከስልክ ስልክ የዞረ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። «ብሔራዊ ውትድርና ይመለስ» ነው የሚለው። ጸሐፊው በደርግ ጊዜ ሠራዊት ውስጥ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ የደሴ ሰው መሆናቸውን ራሳቸው ነግረውናል። ስማቸውን አላነሳም፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምመልስላቸው።

ላላነበበው ሰው ሐሳባቸውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ኢትዮጵያዊ ከጥንት ጀምሮ ሲጠራ ይዘምት ስለነበር የግዴታ ውትድርና ባህላችን ነው ይላሉ። ደርግ ውትድርናን ግዴታ ያደረገበት የ1975ቱ አዋጅ ጥሩ ሕግ ነበር፣ አፈሳ የተባለው የጥቂት ቀበሌ ሊቀመንበሮች ጥፋት ነው ይላሉ። «ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም፣ ጠመንጃ አላነሳም» ማለት በሕጋችን ቦታ የለውም፣ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እንዲህ የሚልም ፈሪ ነው ይላሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ግዴታው ቢኖር ኖሮ በ2014 ደሴ አትያዝም ነበር ብለው ይዘጋሉ።

ጽሑፉ ብዙ ሰው ልብ ውስጥ ገብቷል፤ ለምን እንደገባም ይገባኛል። ያን ጥቅምት ደሴ ላይ ያሳለፈ ሰው «ሁለተኛ እንዳይደርስብን» የሚለውን ሁሉ መስማቱ አይቀርም። እኔም እዚሁ ነኝ፣ እኔም እንዲደርስብን አልፈልግም። ግን ጋሼ የሚያመጡት መድኃኒት ይህቺ ከተማ አንድ ጊዜ የቀመሰችው ነው። ምን እንዳደረጋትም እናውቃለን።

ከአድዋ እንጀምር። ጋሼ ከምኒልክ አዋጅ «ኋላ ትጣላኛለህ፣ አልተውህም» የምትለዋን መዘው አውጥተዋል። እውነት ነው፣ ማስፈራሪያ አለበት። መስከረም 1888 የተነገረው አዋጅ ግብዣ አልነበረም። ግን ያው አዋጅ ጉልበት ያለውን በጉልበትህ እርዳኝ ብሎ፣ ጉልበት የሌለውን ደግሞ በሐዘንህ እርዳኝ ይለዋል። የማይዋጋውንም ሰው ከአገሩ ጉዳይ አላስወጣውም። ይህቺን መስመር ጋሼ ዘለዋታል።

የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲሰበሰብ የታዘዘው ደግሞ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ወረኢሉ ላይ ነው። እዚያ የደረሰው ዘማች ከአገሩ ልጆች ጋር፣ አለቃውን እያወቀ፣ ስንቁን ከቤቱ ይዞ የወጣ ነው። ብዙው መሬት የያዘው በውትድርና ግዴታ ስለሆነ ጥሪ እንደሚመጣበት ከመጀመሪያውም ያውቃል። ጠላቱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወራሪ መሆኑን ያውቃል። የካቲት 23 አድዋ ላይ ድል ሆነ፣ በሕይወት የተረፈውም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያን ዘመን ላሳምረው አይደለም፤ ወታደር ገበሬ ቤት እየተመራ ሲበላና ሲያስጨንቅ የኖረበት ሥርዓት ነው፣ ምኒልክ ከአድዋ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ለወታደር ቀለብ አሥራት ያስከፈሉትም ይህን ለማስታገሥ ነበር። ግን ወረኢሉ ላይ የከተተውን ዘማችና በ1981 ከገበያ ተይዞ መኪና ላይ የተጫነውን ልጅ አንድ መዝገብ ላይ መጻፍ ሁለቱንም መበደል ነው።

ጋሼ ከአድዋ ተነሥተው አንዴ ዘለው ደርግ ላይ ነው ያረፉት። መካከል ላይ ያለውስ? ከጣሊያን መባረር በኋላ የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ወዶ የሚቀጠር፣ በደመወዝ የሚኖር ጦር ነበር። በ1943 ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ነው። ስለዚህ «ከጥንት እስከ ደርግ ሳይቋረጥ የመጣ ግዴታ» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ 1975ቱ አዋጅ ልምጣ።

በ1968 «ራዛ» በተባለው ዘመቻ ወሎን ጨምሮ ከየክፍለ ሀገሩ ገበሬ ተሰብስቦ፣ እዚህ ግባ የሚባል ሥልጠና ሳያገኝ ወደ ኤርትራ ተነዳ። ዛላንበሳ ላይ ተመትቶ ተበተነ። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሶማሊያ ስትወርር ብዙ ሰው ከልቡ ወጥቷል፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር በሚሊሻ ተጥለቅልቋል። ይህን ጋሼም እኔም አንክድም። ወራሪ ድንበር ሲያልፍ ሕዝቡ ራሱ ይነሣል።

አዋጅ ቁጥር 238 የወጣው ግን ያን ጊዜ አይደለም። በ1975 ነው። ሶማሊያ ከተባረረች 5 ዓመት አልፏል። ጦርነቱ ኤርትራና ትግራይ ውስጥ፣ በአንድ አገር ልጆች መካከል ነው። ወዶ የሚመጣ ሰው ሲጠፋ ነው ግዴታው የመጣው። አዋጁ ወረቀት ላይ ሲነበብ ክፉ አይመስልም፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሁሉ 6 ወር ይሠለጥናል፣ 2 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ይሆናል። ጋሼ ይህን አንቀጽ ገልብጠው «ምኑ ነው ክፉው?» ብለው ጠይቀዋል።

ክፉው ኮታው ነው። ከላይ ቁጥር ይወርዳል። ቁጥሩ እየተከፋፈለ ቀበሌና ገበሬ ማኅበር ይደርሳል። ሊቀመንበሩ ካልሞላ ራሱ ይጠየቃል፣ ስለዚህ በሆነው መንገድ ይሞላል። ዘመድ ያለው ይወጣል፣ ገንዘብ ያለው ይወጣል፣ ቂም የተያዘበት ይገባል። አሁንም አልሞላ ሲል ገበያ ይከበባል፣ ሌሊት በር ይንኳኳል፣ 18 ያልሞላው ልጅ 18 ነህ ይባላል። 2 ዓመት የተባለውም ጦርነቱ እስኪያልቅ ሆነ። ወሎ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ የጀመረው በ1976 እና በ1977 ነው፤ ቆረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ። ልጁን በረሃብ የቀበረ ገበሬ የተረፈውን ልጅ ለኮታ አምጣ ተባለ።

ጋሼ አፈሳን የሊቀመንበሮች ጥፋት ነው ስላሉ አንድ ከቤቴ የማውቀውን ልንገራቸው። የእናቴ ታናሽ ወንድም በ1981 ኮምቦልቻ ተማሪ ነበር፣ 17 ዓመቱ። የገበያ ቀን ነው፤ አያቴ ጨው ግዛ ብላ ላከችው። መንገዱ ከላይም ከታችም ተዘግቶ ኦራል ቆሟል። የተማሪ መታወቂያ ያለው ይለቀቃል ተብሏል፣ እሱ ግን ቤት ነው የተወው። አያቴ ወሬው ደርሷት መታወቂያውን ይዛ ቀበሌ ስትደርስ ልጁ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል፣ ከአጥር ውጭ ሆና ታየዋለች። መታወቂያውን ለቀበሌው ጸሐፊ ዘረጋችለት። ፎቶው አለ፣ ዕድሜው አለ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አለ። ሰውየው አገላብጦ አየና «እማማ፣ ስሙ ተልኳል፤ እሱን ባወጣ በምትኩ ማንን ላስገባ?» አላት። አያቴ ያን ሰው ክፉ ነው ስትል ሰምቼ አላውቅም። «ቸግሮት ነው» ነበር የምትለው። ልክ ነበረች። ሰውየው ክፉ ባይሆንም፣ ደግ ቢሆንም እንኳ፣ አንድ ልጅ ሲያወጣ ሌላ ልጅ ማስገባት ነበረበት። ጥፋቱ በቁጥሩ እንጂ በጸሐፊው ጠባይ አልመጣም።

አጎቴ በ1983 ተመለሰ፤ ሁለት ጣቱ የለም። መታወቂያው እስካሁን እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው።

ሊቀመንበሮቹ ብቻ ናቸው ከተባለ ብላቴስ? ሚያዝያ 1983 ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹ ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ የተጫኑት በቀበሌ ትእዛዝ ነው? ከበላይ በወረደ ትእዛዝ ነው። መንግሥት ሲወድቅ ብዙዎቹ በእግራቸው ኬንያ ገቡ። አገር ያስተማረቻቸውን ልጆች እንዲህ በተነቻቸው። ዛሬ ደግሞ የግዴታ ውትድርና ሕግ ሳይኖር እንኳ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በ2017 በኦሮሚያ ክልል ባደረገው ክትትል ልጆች ሳይቀሩ ለውትድርና በግዳጅ ተይዘው ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። ሕግ ሳይፈቅድለት እንዲህ የሚያደርግ ቢሮ ሕግ ሲፈቅድለት ምን ያደርጋል? ጋሼ ይህን ጥያቄ አልነኩትም።

ቀጥሎ ሕጉ። ጋሼ «ሕሊናዬ አይፈቅድም የሚል ሰው በኢትዮጵያ ሕግ አይታወቅም» ብለው በእርግጠኝነት ጽፈዋል። ይህ ስሕተት ነው፣ ለማረጋገጥም ሕገ መንግሥቱን መግለጥ ብቻ ይበቃል። አንቀጽ 18 ሰውን በግዴታ ማሠራትን ይከለክላል። እዚያው ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ የግዴታ ሥራ የማይባሉትን ይዘረዝራል። ከነሱ አንዱ ሕሊናው ውትድርናን የማይፈቅድለት ሰው በምትኩ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ኅዳር 1987 የጸደቀው ጽሑፍ ነው፤ አዲስ የተጨመረ ነገር አይደለም።

አንቀጹ ሁሉንም ነገር ይመልሳል አልልም። መብቱን ቁልጭ አድርጎ አልደነገገም። እንዲህ ያለ ሰው እንዳለና በጠመንጃ ፋንታ ሌላ አገልግሎት ሊሰጥ እንደሚችል ግን ተቀብሏል። የወንጀል ሕጋችን የውትድርና ጥሪ የማያከብረውን ይቀጣል የሚለው የጋሼ ነጥብም ልክ ነው። ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያለው ሕገ መንግሥቱ ነው፣ አንቀጽ 27ም የሃይማኖትንና የሕሊናን ነፃነት ይጠብቃል። የግዴታ ውትድርና አዋጅ የሚያረቅ ሰው ስለ ምትክ አገልግሎት ሳይጽፍ ማለፍ አይችልም። የ1975ቱን እንዳለ ይመለስ ማለት እነዚህን ሁለት አንቀጾች መዝለል ነው።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ደግሞ ከወሎ ሰው አፍ ሲወጣ በጣም ነው የገረመኝ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ስንት ሰዓት ነው? በ1870 አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ግን አይሆንም አሉ። ብዙ ሰው አገር ለቆ ተሰደደ፣ ብዙው ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ሼህ ጠልሃ መሣሪያ ያነሡ ሰው ናቸው፣ ጦርነት ይጠሉ ነበር እያልኩ አይደለም። ንጉሥ ሲያዝም ሕሊና የማይሰጠው ነገር አለ የሚለውን ግን ወሎ ከማንም ፈረንጅ አልተማረውም። አያቶቻችን በስደት ከፍለውበታል።

ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ቄስ ደም ካፈሰሰ ቅዳሴ አትፈቅድለትም። አድዋ ላይ ካህናቱ ታቦት ይዘው ዘምተዋል፣ ግን ሥራቸው ጸሎትና ፍታት ነበር። ማንም ፈሪ አላላቸውም። መዝመትና መግደል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አገራችን ከድሮም ታውቃለች። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን የጀመሯት ሚስዮናውያን ደግሞ ጦር መሣሪያ አለማንሣትን እንደ እምነት ከሚያስተምሩት ከሜኖናይቶች ናቸው። ደርግ በ1974 ዘጋት፣ መሪዎቿን አሠረ። ምእመኖቿ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ፈረንጁም ቢሆን በቀላሉ አልተቀበለውም። አሜሪካዊው ቦክሰኛ መሐመድ አሊ በ1959 ቬትናም አልዘምትም ሲል የዓለም ሻምፒዮናነቱን ተነጠቀ፣ እስራት ተፈረደበት፤ ከ4 ዓመት በኋላ ነው የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረለት። ጋሼ «ጠላት የከበበው አገር እንዲህ ዓይነት ቅንጦት አይችልም» ላሉት ደግሞ ደቡብ ኮሪያን ልጥቀስ፤ የእኛው ቃኘው የተዋጋላትን አገር። እስካሁን ከሰሜኑ ጋር የሰላም ስምምነት የላትም። ወንዱ ሁሉ ግዴታ አለበት። ለብዙ ዓሠርት ዓመታት እምቢ ያለውን ስታሥር ኖረች። በፈረንጅ 2018 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቷ ምትክ አገልግሎት መኖር አለበት ብሎ ወሰነ፣ ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያሉት 36 ወር ማረሚያ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ከወታደሩ የሚረዝም ጊዜ ነው፤ ለእኔ በዝቷል። ሠራዊቷ ግን አልፈረሰም።

ሌላውን መንገድ ማየት የሚፈልግ ኤርትራን ይይ። ወረቀት ላይ 18 ወር የተባለው ብሔራዊ አገልግሎት ማለቂያ አጣ። ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች በ1987 መስከረም ታሥረው፣ ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ የተፈቱት ኅዳር 2013 ነው። 26 ዓመት! ወጣቱም በየበረሃው አገሩን ጥሎ ወጣ።

«ፈሪ ነው» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ የአድቬንቲስት ሚስዮን ሆስፒታልም ተመቷል። የዚያ ቤተ እምነት ልማድ ጦር ሜዳ ላይ ቁስለኛ ማከም እንጂ መሣሪያ ማንሣት አይደለም። ቦምብ እየዘነበ ቁስለኛ ያከመን ሰው ፈሪ የሚል አለ? በ2014ም በሰፈሬ ጠመንጃ አልይዝም ያለ አንድ ልጅ አውቃለሁ። እኩዮቹ ሰድበውታል። እሱ ከቆቦና ከወልዲያ ተፈናቅለው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለሰፈሩት ውኃ በጀሪካን ሲሸከም ይውላል፣ ሲመሽ ሆስፒታል ሄዶ ቃሬዛ ይይዛል። ሸሚዙ ላይ የደረቀ ደም አይቼ ተመታህ እንዴ ብዬው ነበር፤ የሌላ ሰው ነው አለኝ። ከተማው ሲያዝ ብዙዎቻችን በሐረጎ ቁልቁል ስንወርድ እሱ ቀርቶ ነበር።

የመጨረሻው የጋሼ ነጥብ፣ ብዙ ሰው የተቀበለላቸውም፣ ይህ ነው፤ ግዴታ ውትድርና ቢኖር ደሴ አትያዝም ነበር።

ጋሼ፣ ደሴ ግንቦት 1983 ላይም ተይዛለች። እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፣ ሠራዊቱ ውስጥ ነበሩ። ያን ጊዜ አዋጅ ቁጥር 238 ከወጣ 8 ዓመት ሆኖት ነበር። ሠራዊቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋል፣ ከሰሐራ በታች ትልቁ ይባል ነበር። አፋቤት መጋቢት 1980 ላይ ተደመሰሰ። የካቲት 1981 ሽሬ፣ በዚያውም ትግራይ በሙሉ ተለቀቀ። ግንቦት 1981 ጄኔራሎቹ ራሳቸው ይህ ጦርነት ይብቃ ብለው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የካቲት 1982 ምጽዋ ሄደች። ከዚያ ደሴና ኮምቦልቻ። ይህ ሁሉ የሆነው ግዴታው እያለ፣ አፈሳው በባሰበት ጊዜ ነው። ሰው በዝቶ ነበር፤ የሚዋጋበትን ምክንያት የሚያምን ሰው ግን አልነበረም። ከገበያ የተያዘ የ17 ዓመት ልጅ ምሽግ ውስጥ የሚያስበው መቼ እንደሚያመልጥ ነው። አጎቴ የነገረኝ ይህንኑ ነው።

በ2013 ክረምት የሰው እጥረት ነበረብን ወይ? ሐምሌ ላይ ክልሉ ክተት ሲል ደሴ ላይ ያየሁት ሰልፍ ተመዝጋቢ የሚሸሽበት አልነበረም፤ መሣሪያ ስጡን የሚል ነበር። ምን እንደ ጎደለ፣ ማን ምን እንዳዘዘ፣ ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ ለምን ከተማው እንደ ተለቀቀ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው፤ እኔም እጠይቃለሁ። ጋሼ ግን ያን ጥያቄ ትተው «ሰው አነሰ» ብለው መልሰውታል። ይህ መልስ ከተማው ሲወድቅ ያዘዘውን ሁሉ ከተጠያቂነት ያወጣና ጣቱን ወደ እናቶች ልጆች ይቀስራል።

ስለ ተመላሾቹም አንድ ነገር ላንሣ፣ ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ስላላገኘሁ። በ1983 ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ። ወዶ የገባውም ታፍሶ የገባውም እኩል «የደርግ ወታደር» ተባለ። ዩኒፎርማቸውን እንደ ለበሱ ሲለምኑ ያየ ሰው አሁንም አለ። አጎቴ ሥራ ሲጠይቅ የት ነበርክ ሲባል መልስ ያጣ ነበር። ልጅን በግድ የወሰደ መንግሥት ሲመልሰው አይቀበለውም ማለት ነው። ይህን ያዩ ጋሼ እንዴት ወሮታውን ሳያነሡ ግዴታውን ብቻ አነሡ?

ጋሼ በዚህ ሐሳብ ከጸኑ እንግዲህ «ይመለስ» በሚለው አያብቁ፣ ዝርዝሩን ይጻፉልን። ልደቱ ያልተመዘገበ የገጠር ልጅ 18 መሙላቱ በምን ይረጋገጣል፣ ማንስ ይወስናል? ለቀበሌ ቁጥር ይወርዳል ወይስ አይወርድም? እናት መታወቂያ ይዛ ስትመጣ ልጇን የሚመልስላት ዳኛ የት ይገኛል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ? አገልግሎቱ ካበቃ በኋላ ማራዘም የሚችለው ማን ነው? ጠመንጃ አልይዝም፣ ግን ቃሬዛ እይዛለሁ የሚለው ልጅ የት ይመደባል? ቆስሎ የመጣውን ማን ይጦረዋል? መልሳቸውን ሲጽፉ አነበዋለሁ፣ በየነጥቡም እመለስበታለሁ።